ጌዶ ላይ ያልገዛኋት ሽጉጥ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ አሮጌ ሽጉጥ ኖራኝ፣ ባዶ ጣሳ አቁሜ በተኮስኩ እል ነበር። ለፈቃዱ ቢሮ ለቢሮ ስዞር ጉልበቴ አለቀ። ፈቃዱ ሲወጣልኝ ጌዶ ወዳለ አንድ ጡረተኛ የፖሊስ መኮንን ቤት ሄድኩ።

የሚሸጣቸው ሁለት ሽጉጦች ነበሩት። አንዷ ጥቁር፣ ሌላዋ ከማይዝግ ብረት የተሠራች፣ ስድስት ቀጫጭን ጥይት የምትጎርስ። የምታብረቀርቀውን መረጥኩ፤ በዚህ ፊቴ ዛሬም ቆንጆ መምረጥ አልተውኩም።

በእኛ አካባቢ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው፣ የባዶዋን ምላጭ በአንድ እጁ ሦስቴ ሳይስብ ዋጋ አያነሳም። ሰውየው ጥይት እንደሌላት አሳይቶ ሰጠኝ። አንዴ ሳብኩ። በሁለተኛው ጣቴ ተንቀጠቀጠ። በሦስተኛው ምላጩ እምቢ አለ፤ ወይም እኔ።

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብለው ያዩናል። “አምጡ እስቲ፣ ኦቦ” አሉና ተቀብለውኝ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረጓት። “ይኸው፣ ደህና ናት።”

“ደህናስ ደህና ናት። ማብረቅረቋ ነው፤ ለሽማግሌ አይሆንም” አልኩ።

“እንግዲያው ጥቁሯን ይሞክሯት” አለ ባልየው።

“ዛሬ ደክሞኛል” አልኩ። ከተናገርኩት ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነበር።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጣቴን ጉልበቴ ላይ እያጠፍኩ ስለማመድ መጣሁ። ያቃተኝን ሦስተኛውን ምላጭ ጉደር ስንደርስ ሳብኩት።