ጣሪያ የተበየደባት መኪና

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ሰው “ተወው፣ አንድ ላሜራ ነው” ሲለኝ ደግሞ ይብስብኛል። አዎ፣ አንድ ላሜራ ነው። ያቃጠለኝም እሱ ነው።

መኪናዋ በጃንሆይ ጊዜ የገባች ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሜሪካ መኪና ናት። ሁለት በር፣ ረጅም ኮፈን፣ ከላይ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የሸራ ጣሪያ። የገዟት ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው የሰርቦ ከተማ አንድ ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ አባቴ ደግሞ የእሳቸው ሾፌር ነበር። ይሄ ሁሉ እኔ ሳልወለድ ነው። እኔ ሳውቃት ነጋዴው ሞተው፣ እሷም የቡና መጋዘን ጥግ ጆንያ ተጭኖባት ዶሮ ይፈለፈልባት ነበር። ወራሾቹ “ለቁራጭ ብረት እንሽጣትና እንገላገል” ማለታቸውን ስሰማ ቀድሜ ገዛኋት። ጅማ መርካቶ የመኪና መለዋወጫ ነው የምሸጠው፤ እንዲህ ያለ ብረት ሲጣል አላስችል ይለኛል።

እውነቱን ለመናገር ግን የገዛኋት ለአባቴ ነው። ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ አለ፤ ጣሪያዋ ተገልጦ ነጋዴው የኋላ ወንበር ላይ ተንፈላሰዋል፣ አባቴ መሪ ይዟል። ሰው ሁሉ የሚያየው እሳቸውን ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴ እዚያ ወንበር ላይ አንድ ቀን እንኳ አለመቀመጡ ይቆጨኝ ነበር። አሁን ዓይኑ እየከዳው ነው። ሐኪሙ “ብርሃኑ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሄደውን መመለስ አይቻልም” ሲለኝ ለራሴ ማልኩ። ዓይኑ ሳይጠፋ ጣሪያዋን ገልጬ፣ ከኋላ አስቀምጬ፣ ሰርቦ ድረስ እወስደዋለሁ።

አራት ዓመት ፈጀብኝ። ሞተሩስ በመጀመሪያው ዓመት ተነሳ። ያንገበገበኝ ጣሪያው ነው። ሸራውን የሚያጥፉት የብረት ክንዶች ግማሾቹን ዝገት በልቷቸዋል፣ ግማሾቹ ጭራሽ የሉም። ሌላውን ሰው በመለዋወጫ ሳጠግብ የምኖር ሰው ለራሴ መኪና አንዲት ክንድ አጣሁ፣ እስቲ ምን ይባላል? ካርቶን እየቀደድኩ፣ እየለካሁ አንዱን ክንድ ብቻ ሰባት ጊዜ አሠራሁት። ትንሽ ከተሳሳተ ሸራው ይጨማደዳል። ሸራውን ድንኳን የሚሰፋ ሰው ሰፋልኝ። የመጀመሪያ ቀን ተገልጦ ቀጥ ብሎ ሲታጠፍ ብቻዬን ሳቅሁ።

የቀረኝ የመስታወቱ ጎማ ነበር። እሱን ፍለጋ አዲስ አበባ ስሄድ መኪናዋን ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ከአባቴ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ባለውና አራት ዓመት ስሠራት በኖርኩበት የባትላሜራው ግቢ ተውኳት። ባትላሜራው የመኪና አካል እየቀጠቀጠና እየበየደ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ ነው። በሳምንቱ ጎማውን ይዤ ተመልሼ ግቢው ስገባ መኪናዋ ላይ የብረት ጣሪያ ተበይዷል። ስቱኮ ሁሉ ተለቅልቋል። ክንዶቼ ተቆራርጠው ግድግዳ ሥር ተቆልለዋል።

ጨርቄን ጥዬ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም።

“ማነው ይሄን ያዘዘህ?” አልኩት።

“አባትህ ናቸው” አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። “በከዘራቸው መንገዱን እየዳበሱ መጡ። ‘ዝናቡ ሳይጠነክር ዝጋልኝ’ አሉኝ። ማል ጎና? ምን ላድርግ? ሽማግሌን እምቢ ልበል?”

“ስልክ የለህም?”

“ለልጄ ራሴ እነግረዋለሁ አሉኝ።”

የአካባቢያችን ነገር ይሄ ነው። ቡና አገር ሰማይ አይታመንም። ደመና ከታየ ሰው ሮጦ የጎረቤቱን ስጥ ይሸፍናል፤ አይጠይቅም፣ ባለቤቱም ሲመጣ ይመርቀዋል። አራት ዓመት ሙሉ አላፊ አግዳሚው “መቼ ነው የምትከድናት?” ሲለኝ ነበር። መኪናዬን እንደተሰጣ ቡና ሸፈኑልኝ! ጭራሽ ምርቃት ይጠብቃሉ። ባትላሜራውን ያልሰደብኩት ስድብ የለም፤ እሱም ሰላሳ ዓመት እንደሚያውቀኝ ሰው መዶሻውን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ።

ከዚያ ወደ አባቴ ሄድኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ተጣልቼው አርፍ ነበር። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። አባትም እንደዚያው ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ድምፄን አልቀነስኩም።

“አባዬ፣ አራት ዓመት የለፋሁበትን እንዴት ታስቆርጣለህ? ላንተ እኮ ነው የሠራሁት!”

አስጨረሰኝና ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። ሌባ ጣቱ ከመካከለኛው አንጓ ጀምሮ ቆልማማ ነው፤ ካወቅሁት ጀምሮ እንደዚያ ነው። የቡና መቀሸሪያ ማሽን የያዘው ይመስለኝ ነበር። ማን እንደነገረኝ እንጃ።

“ይቺን የበላት ያ የጣሪያው ክንድ ነው” አለኝ። “ነጋዴው ሰው እንዲያያቸው ጣሪያውን ያስገልጡኝ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ወርጄ የምዘጋው እኔ ነኝ። እሳቸው ዣንጥላ ይዘው ቁጭ ይላሉ። አንድ ቀን ክንዱ ጣቴን ነከሳት፣ አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁት። ‘ሸራውን ደም አስነካኸው’ ብለው ተቆጡኝ። አልሃምዱሊላህ፣ እጄን አላጣሁም።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ደስ ብሎህ ትሠራለህ። እንዴት ልንገርህ? ግን ስትከፍት ስትዘጋ እሰማለሁ፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን አንተንም ይይዝሃል። ዓይኔ ፈጽሞ ሳይጠፋ በራሴ ላስቆርጠው ብዬ ነው።”

ንዴቱ ግን የትም አልሄደም። ሟቹን ነጋዴ በልቤ ሰደብኩ፤ መቃብር አይመልስም።

በማግስቱ የመስታወቱን ጎማ ገጥሜ፣ ከኋላ አስቀምጬው ሰርቦ ሄድን። መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደ፤ ላሜራው ተንጣጣ፣ እሱ ግን ጠብታ አልነካውም። ወንበሩን በመዳፉ እያሻሸ “ለካ እንዲህ ይመቻል” አለ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ። ቤቱ መኪናዋን ከሠራሁበት ግቢ ሁለት አጥር ነው የሚርቀው፤ በየቀኑ በዚያ እጅ ሻይ ይቀዳልኛል። ያንን ክንድ ሰባት ጊዜ ሳሠራ አንድ ቀን እንኳ እጁን ይዤ ጣትህ ምን ሆኖ ነው አላልኩትም።