ዘበኛው ለምን ሮጠ?

ክልሉ ገና በተቋቋመበት ሰሞን ጋምቤላ ከተማ አማርኛ አስተምር ነበር። ዓርብ ዓርብ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ራሴ የጻፍኩትን የወንጀል ታሪክ ለተማሪዎቹ አነባለሁ። ሁሌም ሌባው ይያዛል፤ ሁሌም መጨረሻው ላይ ምክር አለ። ተማሪው "መርማሪው" ብሎ ሲጠራኝ፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ የትምህርት ቤቱ ብቸኛ ማይክሮስኮፕ ከዕቃ ክፍል ጠፋ። ቁልፉ የሚያድረው ዘበኛው ዘንድ ነው። ዘበኛው አራት ልጆች የሚያሳድግ፣ ዝምተኛ የኑዌር ሰው ነበር። በዚያው ጠዋት የጓሮውን አጥር ዘሎ ሲሮጥ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። በቃ፣ ተፈታ አልኩ!

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ከነዘበኛው ሰበሰበን። የስንብት ደብዳቤው ተጽፎ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። እኔ ሆዬ ተነሥቼ፣ ልክ እንደ ዓርቡ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ንጹሕ ሰው አይሮጥም!" አልኩ።

ዘበኛው ከተቀመጠበት ወንበር ቀና አለ። "እኔ አልሰረቀም" አለ በተሰባበረ አማርኛው።

"ታዲያ ለምን ሮጥክ?" ስለው አቀረቀረ። ርእሰ መምህሩ እስክሪብቶውን አወጣ።

ይሄኔ አንዲት አሮጊት ዓሣ በራሷ ላይ ተሸክማ በበሩ ገባች። ዘበኛው ብድግ ብሎ፣ ወንበሩን ገልብጦ፣ አጥሩን ዘሎ እብስ አለ!

"ይኸው! ያዙት እንጂ!" ብዬ ጮህኩ።

ማንም ንቅንቅ አላለም። የኑዌር ተወላጅ የሆነችው ባልደረባዬ ሳቋ አመለጣት። "አይ መምህር! አማቱ እኮ ናት" አለችኝ። "በእኛ ወንድ አማቱ ፊት አይቆምም፣ ነውር ነው። ትናንትም ዓሣ ልትሸጥልን መጥታ ነበር። እንዲህ በሰው ፊት ስለ እሷ ማውራትም ያሳፍረዋል።"

ሁለት ዓመት እዚያ ኖሬ ይህን አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማይክሮስኮፑም ሐሙስ ተመለሰ፤ የሳይንስ መምህሩ ለማንም ሳይናገር፣ ጎግ ወረዳ ላሉ ተማሪዎች ሊያሳይበት ይዞት ሄዶ ኖሯል።

ዓርብ ጠዋት ታሪኬን ይዤ ስገባ ዘበኛውን በሩ ላይ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅኩት። እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ ወረቀቱን እያየ፣ "መምህር፣ ያንተ ታሪክ ሌባ ሁልጊዜ ይሮጣል" አለኝ። "እዚያ ታሪክ ውስጥ አንተ፣ ለምን ሮጠ ብለህ ጠየቅህ?"

ያን ዕለት ታሪክ አላነበብኩም። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ እየሰማ፣ ያደረግኩበትን ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው።