ጀርባውን ሰጥቶ የነበረው ሰውዬ

ከላምበረት እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ግርጌ ያለውን ሰፈር አብዛኛውን ያጠረው በዳዳ ነው። ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ለመንገድ ማስፋፊያ የፈረሱ ቤቶችን ቆርቆሮ እየገዛና እያቃና በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ይመታ ነበር። የማይጥሰው የሙያ ደንብ ነበረው፤ ንጹሑ ገጽ ወደ መንገድ፣ የዛገውና ቀለም የነካው ወደ ግቢ። ምስማሩንም ከውጭ ቆሞ ስለሚመታ፣ ሰፈሩን የሚያውቀው ከመንገድ በኩል ብቻ ነበር።

ልጁ ጋሮማ ግን ቆርቆሮ ሲያይ እጁን ይበላው ነበር። በቀይ የዝገት መከላከያ ቀለም ዘወትር አንድን ሰው ይሥል ነበር፤ ቆርቆሮ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ፣ ከጀርባው የሚታይ ሰው። በዳዳ የዶሮ አርቢዋን የእትዬ በለጡን አጥር ሲሠራ ሥዕሉን በአንዱ ቆርቆሮ ላይ አየና ልጁ እያየ ወደ ግቢ ገልብጦ በምስማር መታው።

«ሥዕልህን ዶሮዎቹ ይዩልህ!»

ጋሮማ በማግስቱ ከቤት ወጣ፤ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳይታወቅ ሦስት ክረምት አለፈ። በዳዳ ላምበረት መናኸሪያ እየቆመ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ፊት መመርመር ልማዱ ሆነ።

በነሐሴ አንድ ጧት፣ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ሰፈሩን እንደዋጠ፣ እትዬ በለጡ አስጠሩት።

«በዳዳ፣ ይህን የአጥሩን ሰውዬ ንቀልልኝ።»

«ምን አደረገዎት?»

«ምን አደረገዎት ይለኛል! ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር የሚኖር። አሁን እየዞረ ነው።»

«ቆርቆሮ አይዞርም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ዶሮዎቼን ጠይቃቸው። እዚያ ጥግ መጫር ከተዉ ሰነበቱ።»

በዳዳ እየሳቀ ወደ ጥጉ ሄደ፤ እዚያ ሲደርስ ሳቁ ጠፋ። በደበዘዘው ሥዕል ላይ ደማቅ ቀይ መስመር ተጨምሯል። የሰውዬው ትከሻ ዘወር ብሎ የጉንጩ ጥግ ይታያል። የግቢው በር ግን እንደ ወትሮው ተቆልፎ የከረመ ነው።

ጎረቤት አንኳኩቶ ገባ። እዚያም ያው ሰውዬ አለ፤ በዳዳ የነካካ ቀለም መስሎት ሳያስተውለው ገልብጦ የመታው ነው። ከዚያ በላይ ባለው ግቢም አለ። ዳገቱን በወጣ ቁጥር ሰውዬው ይበልጥ ይዞራል፤ መጀመሪያ ጆሮው፣ ቀጥሎ አፍንጫው፣ ከዚያም አንድ ዓይኑ።

«ማን ሣለው?» ብሎ አንዷን ሴት ጠየቀ።

«ያንተ ምልክት መስሎን ነው ዝም ያልነው» አለችው፤ ፊቱን ትክ ብላ አየችና በሩን ቶሎ ዘጋች።

የቀረው የራሱ አጥር ነበር። ከውስጥ በኩል ጭራሮ ስለተደገፈበት አይቶት አያውቅም። ጭራሮውን እያነሳ ወደ ጎን ጣለ። ሰውዬው ሙሉ በሙሉ ዞሯል። ሸክሙን አውርዶ ቆሟል፤ ፊቱም የበዳዳ ፊት ነው። የሸበተው ጢም ጋሮማ ከሄደ በኋላ የበቀለ ነው። በቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳም ባለፈው መስከረም የቆርቆሮ ስለት የተወለት ነው።

ልጁ አይቶታል ማለት ነው። እሱ የመንገደኛ ፊት ሲመረምር፣ የእሱን ፊት ደግሞ ከቅርብ የሚመረምር ሰው ነበር።

ጣቱን በሥዕሉ ላይ አሳረፈ። ጣቱ ቀላ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ጉጠቱን አመጣ። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ደንብ ሽሮ፣ ሥዕሉን ወደ መንገድ አዙሮ መታው። የበሩንም መቀርቀሪያ ሳበ። ከዚያ በድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጉሙ እንደገና ወፈረ፤ ከአጥሩ ወዲያ ምንም አይታይም።

ከውጭ በኩል አንድ ጣት ቆርቆሮውን አንኳኳ፤ ቆርቆሮው ከቋሚው ጋር መጣበቁን ለማወቅ በዳዳ ራሱ ለልጁ ያስተማረው የማንኳኳት ዘዴ ነበር።

«ክፍት ነው» አለ በዳዳ። ከድንጋዩ ተነሳ። «ግባ፣ ልጄ፤ ክፍት ነው።»

 ቀጣዩ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ከዚያም ቀጣዩ። ድምፁ በአጥሩ ላይ ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ እያለፈ፣ ሳይቸኩል ወደ በሩ ይመጣ ጀመር።