«የሉም» የተባሉት ባሎች

ባጃጅ ወደ ሸዋ ሮቢት በገባባቸው ዓመታት ይመስለኛል፤ ዓመቱን ቆርጬ ለመናገር አልደፍርም። ከሩቅ አገር ኮሌጅ የመጣች አንዲት ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር እኛ ከተማ ተቀመጠች። ኮሌጁ ተማሪዎቹ «ዓለምን እንዲያውቁ» እያለ ለግማሽ ዓመት ወደ ሌላ አገር ይልካቸው ነበር። ለጓደኞቿ ከዓለም የትኛው ክፍል እንደ ደረሳቸው አላውቅም፤ ለእሷ የደረሳት የይፋት ቆላ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነበርሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ ወደ ትውልድ ከተማዬ በመመለሴ ራሴን ከሚገባው በላይ የማከብር ሰው። አስተርጓሚ እንድሆናት ስጠየቅ አላመነታሁም። እንግሊዝኛዬን ሰምቶ ሊፈርድ የሚችል ሰው በከተማው አልነበረም፤ እሷ የመጀመሪያዋ ሆነች። በመጀመሪያው ቀን «አነጋገርዎ ልክ እንደ መጽሐፍ ነው» አለችኝ። ምስጋና መስሎኝ ብዙ ሳምንት ደስ ብሎኝ ከረምሁ።

ጥናቷ በከተማው ዙሪያ ባሉት የቀወት ወረዳ መንደሮች ቤት ለቤት እየዞሩ ቤቱን ማን እንደሚያስተዳድረው መጠየቅ ነበር። አማርኛ ለሁለት ሳምንት ተምራለች። ከተማረችው ሁሉ ጠንቅቃ የያዘችው «የለም» የሚለውን ቃል ነው፤ ይህንንም ያስተማራት መምህሯ ሳይሆን ያረፈችበት ሆቴል ነው። ውኃ ስትጠይቅ የለም፤ መብራት የለም፤ በምግብ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ዓሣ ጭራሹን ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ «የለም» በእሷ ዘንድ ፈጽሞ ያልተፈጠረ ነገር መጠሪያ ሆነ።

በእኛ አገር ደግሞ ወረቀት የያዘ እንግዳ የቀበሌ ሰው አስከትሎ ደጃፍ ላይ ሲቆም ጉዳዩ ወይ ግብር ነው፣ ወይ መዋጮ ነው፣ ወይ ስብሰባ ነው። ሌላ ጉዳይ ኖሮት አያውቅም። እናም የቤቱ እመቤት በሩን በትከሻዋ ከልላ «የሉም» ትላለች። ባሏን ስለምታከብር «የለም» አትልም፤ «የሉም» ነው የምትለው። ትርጉሙም ለእናንተ የሉም ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የቀወት ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

ተማሪዋ ግን አፌን ሳልከፍት «ባል የላትም» ብላ ትጽፋለች። በአንድ ቤት፣ ሦስተኛው ይሁን አራተኛው አላስታውስም፣ ከጓዳ የወንድ ሳል ተሰማ። ብዕሯን አቁማ ማን እንደሚያስል እንድጠይቅላት አዘዘችኝ።

ሴትዮዋ ፊቷን ሳትለውጥ «ፍየሏ ናት፤ ጉንፋን ይዟት ነው» አለች።

ቃል በቃል ተረጎምሁት። ተማሪዋም አዝና ስለ ፍየሏ ጤና በማስታወሻዋ ጠርዝ ላይ አንድ መስመር ጻፈች።

በመጨረሻው መንደር፣ ወደ ሮቢ ወንዝ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት በዕድሜ የሚበልጡኝ ጎረቤታችን የነበሩ ሴት ዘንድ ደረስን። የእኚህን ሴት ባል የቀድሞው መንግሥት ለሚሊሺያ ወደ ሰሜን ወስዷቸው ነበር፤ እሳቸውም አልተመለሱ፣ መርዷቸውም አልመጣ። ሴትየዋ ያንኑ ማሳ ብቻቸውን እያረሱ ይኖራሉ። ጥያቄው ሲቀርብላቸው እንግዳዋን ከእግር እስከ ራሷ አዩና «አሉ፤ ማሾ ሊያርሙ ወርደው ነው» አሉ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ለማታውቀው ሰው ሌላ መልስ የላትም። ተማሪዋ «ባለ ትዳር» ብላ ጻፈች። በዚያ ሁሉ መንደር ባል አላት ብላ ከጻፈችላቸው ጥቂቶች አንዷ፣ በእውነት ብቻቸውን የቀሩት እሳቸው ሆኑ።

በመንገድ ስንመለስ ስሕተቱን ነግሬአታለሁ ብዬ ለብዙ ዓመታት ሳምን ኖሬአለሁ። አሁን ስመረምረው ግን ትዝ የሚለኝ ልነግራት ያዘጋጀሁት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ጥሩ ዐረፍተ ነገር ነበር። እሷ የመለሰችልኝን ግን ከየትም ላመጣው አልቻልሁም። የሰው ትዝታ የራሱን ንግግር ብቻ አስቀርቶ የሌላውን የሚጥል ከሆነ፣ ነገሩ ምናልባት የተነገረ ሳይሆን የታሰበ ነው። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ሥራዋ ሁሉ ከንቱ መሆኑን ብነግራት የእኔም አስተርጓሚነት አብሮ ከንቱ ይሆን ነበር። ሳልነግራት መቅረቴን በጊዜው ለጨዋነት ቆጠርሁት።

ሄደች። ከወራት በኋላ የተጠረዘ ጽሑፏ በፖስታ ደረሰኝ። በቆላማው ይፋት ወንዶች እየጠፉ መሆናቸውን ገልጣ፣ ምክንያቱን ለስደት፣ ለባህልና በአንድ ግርጌ ማስታወሻ ለሙቀቱ ሰጥታለች። በመግቢያው ላይ «ታማኝ አስተርጓሚዬ» ተብዬ ተመስግኛለሁ። እውነቱን ለመናገር ያንን ገጽ ለባልደረቦቼ አሳይቻለሁ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ሳቅ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን አንድ የርዳታ ድርጅት ጽሑፉን አነበበና ለእማወራዎች፣ ማለት ያለ ባል ቤት ለሚያስተዳድሩ ሴቶች፣ ተማሪዋ ቤት ለቤት በጻፈችው የስም ዝርዝር መሠረት ፍየል ሊያድል መጣ። የጎረቤቴ ስም የለበትም። እሳቸው ደግሞ አንዲት ፍየል ቢያገኙ ወተቱ እንኳ ለደረቅ እንጀራቸው ማባያ ይሆናቸው ነበር።

ማሾ ሲያርሙ ሄጄ፣ ቀበሌ ቀርበው ባለቤቴ የሉም ቢሉ እኔ እንደምመሰክርላቸው ነገርኋቸው።

ቀና ሳይሉ «ያሉትን ሁሉ የሉም አስብለህ ጨረስክ» አሉኝ። «አሁን የእኔ ቀሩህ?»

የዕደላው ዕለት ሕዝቡ በቀበሌው ግቢ ተሰበሰበ። ጸሐፊው የሴቶቹን ስም ይጠራል፤ ገመዱን ሊቀበሉ የሚወጡት ግን ባሎቻቸው ናቸው። ፍየል ጎትቶ ማምጣት የወንድ ሥራ ነዋ። ያ የጓዳው ሰውዬ እያሳለ ሲቀርብ ጸሐፊው ማንነቱን ጠየቀው። ባሏ መሆኑን ተናገረ።

«ባል የላትም ይላል እኮ ወረቀቱ።»

«ለስብሰባ ነው የሌለሁት» አለ ሰውዬው፤ «ለፍየልማ አለሁ።»

ግቢው ሳቀ፤ ጸሐፊውም ሳቀ፤ አስፈረመውም። እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም።

በዚህ መካከል ጎረቤቴ ከአጠገቤ መቆማቸውን አየሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሰልፉን ይመለከታሉ። «ዛሬ ስንቱ ነው ከሞት የተነሣው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «የእኔም መጥተው እንደ ሆነ ብዬ ነው ብቅ ያልኩ።» ይህንን ለእኔ ይበሉት ወይስ ለራሳቸው፣ ዛሬ ለመማል አልችልም። የሰማሁት ግን በትክክል ይህንኑ ነው።

ያን ጊዜ ነው፣ ከዓመት በላይ ዘግይቼ፣ ወደ ጠረጴዛው የሄድሁት። ዕደላው አልቆ አንዲት ትርፍ ፍየል ከአጥሩ ታስራ ቀርታለች። ዝርዝሩ እንደ ተሳሳተ፣ የተሳሳተውም በእኔ እንደ ሆነ፣ እኚህ ሴት ባል እንደሌላቸው በጥሩ አማርኛ አስረዳሁ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ብዕሩን አነሣና ወደ እሳቸው ዞረ።

«እናቴ፣ አንድ ቃል ብቻ ይበሉኝና ልጻፍ። ባለቤትዎ አሉ ወይስ የሉም?»

ሴትየዋ ጸሐፊውን አላዩትም፤ ፍየሏንም አላዩአትም። ያዩት እኔን ነው።

«አሉ» አሉ።

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ማሳቸው ቁልቁል ወረዱ። ጸሐፊው ምን ማለታቸው እንደ ሆነ እንድነግረው ፊቴን ይመለከት ነበር፤ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልተረጉም ቀረሁ።