ሳይነገር የከረመው መርዶ

እናቴ ሥራዬን እስክትረዳልኝ ድረስ ብዙ ተጨቃጭቀናል። «ኮሮና ኻላስ አልፏል፤ ያለፈ በሽታ ምኑ ይጠናል?» ትለኝ ነበር። እኔ ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር ያደግሁ ነኝ። አማርኛውን ከእሷ፣ ዓረብኛውን ከሰፈሩ ስለወሰድኩ አንድ የጥናት ቡድን የሐበሻ ሠራተኞችን እንድጠይቅለት ቀጠረኝ። የምንጠይቀው ስለ በሽታው አይደለም። በሽታውን ለመከላከል ተብሎ ቤት ሲዘጋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ማንም ሳያስበው ሌላ ምን ተበላሸ? ጥያቄያችን ይሄ ነው። በመጨረሻ «እማ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? እኛ ከብብት የወደቀውን እየፈለግን ነው» ስላት ፊቷ በራ። «እንዲያ አትዪም ታዲያ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ጠያቂዋ እኔ፣ ተጠያቂ አምጪዋ እሷ ሆነች።

ከወሎ መጥተው በሰው ቤት የሚሠሩትን ሴቶች እናቴ የማታውቃት የለችም። አገር ቤት ሰው ሲሞት ስልክ የሚደወለው ለእሷ ነው። ለባለሐዘኗ በቀጥታ መደወል በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እናቴ ሴቶቹን ትሰበስብና ሱብሒ፣ የንጋቱ ሶላት፣ እንደተሰገደ ሄደው በአካል ያረዳሉ። ስትወድቅ ይይዟታል፣ አብረዋት ያለቅሳሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ትላለች እናቴ፣ እሷ ካልመራችው መርዶ የሚፈርስ ይመስል።

አንድ ጊዜ መካ የምትሠራ የአገሯን ልጅ አገናኘችኝ። ሴትዮዋ ጀርወል አካባቢ አንዲት አሮጊት ማዳም ጋ ነው የምትኖረው። ሾፌሩ ለአስቤዛ ሲያወጣት መንሱር ገበያ፣ አንድ ልብስ ሱቅ ውስጥ ተገናኘን። ደስ የምትል ተጫዋች ናት። «በሐዝሩ ጊዜ፣ መውጣት የተከለከለ ጊዜ፣ ምን ቸገረሽ?» ብላት ሳቀች።

«የኔ እህት፣ ለእኔ እኮ አሁንም ሐዝር ነው! ማዳም ከዚያ ወዲህ እንግዳ አታስገባም፤ እኔንም ጁሙዓ አታስወጣኝም። ሳንባዋን ትፈራለች፣ ምስኪን። ክፉ ሆና አይደለም።»

ደንቡ ተነስቶም ልማዱ መቆየቱ የፈለግነው ዓይነት መልስ ነበርና በደስታ ጻፍኩት። እሷ ግን ልቧ ልብሱ ላይ ነው። አንዱን አረንጓዴ ቀሚስ ትከሻዬ ላይ ለካችው።

«ይሄ ለእናቴ አይደምቅባትም? ከሐጅ በኋላ ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ልሄድ ነው። ድምጿ ስለተዘጋ በስልክ አትናገርም ይሉኛል። ትናገርም አትናገርም፣ ዓይኗን ላየው ነው!»

«ኧረ ያምርባቸዋል» አልኳት፤ ገዛችው።

ቤት ስገባ እናቴ ምስር ትለቅማለች። ስለ ቀሚሱ ነገርኳት። እጇ ቆመ።

«ለማን አልሽ?»

«ለእናቷ።»

«እናቷማ በኮሮናው ጊዜ ሞተዋል!» አለችና ጭኗን መታች። ምስሩ ተበተነ።

ያን ጊዜ ስልኩ የተደወለው እንደ ወጉ ለእናቴ ነው። የጅዳና የመካ መንገድ ዝግ፣ መሰብሰብ ክልክል። «ሲከፈት እናረዳታለን» ብላ አቆየችው። ሲከፈት ደግሞ እዚያው መካ፣ መንሱር ሰፈር ያሉት የአገራችን ሴቶች ለእሷ ቅርብ ስለሆኑ አርድተዋታል ብላ አሰበች። ለመንሱሮቹ ደወልኩ። «ስልኩ የመጣው ለጅዳ አይደል እንዴ? እነሱ ዝም ያሉትን እኛ ምን ብለን?» አሉኝ። አንዷም ሌላዋን አልጠየቀችም፤ መርዶ ተነገረ አልተነገረ ብሎ መጠያየቅ ወሬው እንዲያመልጥ ያደርጋል ተብሎ ይፈራል። አገር ቤት ያሉት ደግሞ እኛን ሲጠብቁ «ድምጿ ተዘግቷል» የሚል ሰበብ ፈጠሩ። ጉድ እኮ ነው! እናቴ ላይ ጮህኩባት፣ አልዋሽም። ልጅቱ ቀሚስ ይዛ፣ አውሮፕላን ተሳፍራ፣ በደስታ እየሮጠች ደጃፍ ደርሳ ነው የምትሰማው? ማን ይችላል እሱን?

«በቃ እኔ አሁኑኑ ደውዬ እነግራታለሁ» አልኩ።

«በስልክ? ለጠላትም አይደረግ! ስትወድቅ ስልኩ ይይዛታል?»

የቡድናችንን ኃላፊ አማከርኳት። ጠያቂ ይሰማል እንጂ በሰው ኑሮ ጣልቃ አይገባም፤ ይሄን መጀመሪያ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ብዙ አሰበችና «ጥናቱ አይልክሽም። የእናትሽ ልጅ ሆነሽ ከሄድሽ ግን ማን ይከለክልሻል?» አለችኝ። ኋላ እሷው ራሷ ጥያቄያችን ላይ አንድ መስመር ጨመረች፦ በዚያ ጊዜ ሳትቀመጪለት የቀረ ሐዘን አለ? ይህን ስንጠይቅ ስንቷ አለቀሰች! ስንቷስ «ቆይ፣ እኔም ያላረዳኋት አለች» ብላ ተነሳች! ዛሬ እናቴ መኪና ተከራይታ በየጊዜው የምትዞረው ያን የተጠራቀመ መርዶ ለማድረስ ነው።

የዚያን ጊዜ ግን መንገዳችን ላይ ማዳም ነበረች። ደወልኩላት። «ያ ኻላ» አልኳት፣ አክስቴ እንደማለት ነው፤ «ጥቂት ሴቶች ሠራተኛሽን ለማየት ቤትሽ መምጣት እንፈልጋለን።»

«አይሆንም። ከበሽታው ወዲህ ቤቴ ሰው አይገባም።»

«በሽታው እኮ አለፈ።»

«ለአንቺ አልፎ ይሆናል» ብላ ልትዘጋው ስትል ትዕግሥቴ አለቀ።

«እናቷ ሞተውባታል፤ እሷ አታውቅም! እኛ ካልነገርናት አገሯ ገብታ መቃብር ላይ ነው የምታገኛቸው!»

ስልኩን አልዘጋችውም።

«መቼ ነው የሞቱት?»

«ሁሉ ነገር በተዘጋበት ጊዜ።»

ከዚያ «ኑ። ሴቶቹን ሁሉ ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

ሱብሒን መካ ሰገድን። ከጅዳ የሄድነው መኪናው ውስጥ ተጠጋግተን ነው፤ የመንሱሮቹ ሴቶችም ከማዳም በር ላይ ጠበቁን። እናቴ መንገዱን ሙሉ «ማንም ቀድማ እንዳታለቅስ!» ስትል ቆይታ ራሷ ናት አፍንጫዋን ስትስብ የነበረችው። በሩን የከፈተችው ያቺው ቀሚስ የገዛችው ሴትዮ ናት። ፈገግ አለች፤ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየች፤ ፈገግታው ጠፋ። የእኛ አገር ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል?

«ማነው?» አለች። «ማነው የሞተብኝ?»

«ልጄ፣ የአላህ ውሳኔ ነው። እናትሽ ወደ አኼራ ሄደዋል» አለች እናቴ።

ያዝናት። ምንጣፉ ላይ አስቀመጥናት፤ አለቀስን። ሁላችንም ኢናሊላሂ አልን። ትንፋሿ ሲመለስ ያን የፈራሁትን ጠየቀች፦ «መቼ?» እናቴ አልዋሸችም። ሴትዮዋ ቀና አለችና እናቴን ደረቷን በሁለት እጇ ገፋቻት። «ይሄን ሁሉ ጊዜ! ሰላምታ ስልክላት! ዛሬ ድምጿ ተሻላት ወይ እያልኩ ስጠይቅ!» እናቴ አልሸሸችም፤ «ምቺኝ የኔ እናት፣ ሐቅሽ ነው» እያለች አቀፈቻት። መግፋቱ እየላላ ሄዶ ተቃቀፉ። ከዚያ ለቅሶዋ ረጋ አለና ስለ እናቷ ማውራት ጀመረች፤ ድምጿ አልተዘጋም ነበር አይደል፣ እስከ መጨረሻው ትናገር ነበር አይደል እያለች። እናቴም የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። ዱዓ እንዳደረጉላት፣ መርቀዋት እንደሞቱ። እውነቱ መጥፎ ሆኖም ትከሻዋ ሲለቅ አየሁት።

ማዳምን ረስተናት ነበር። ማስኳን አድርጋ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ኖሯል። ከእኛ ለቅሶ ያልተናነሰ ሲቃ ስሰማ ዞርኩ።

«ያ ኻላ፣ ምነው?»

«እህቴ» አለች። «እህቴም ያኔ ነው የሞተችው። አብረን ነው ያረጀነው። ቀብሯ ላይ አልቆምኩም፤ ሊያጽናናኝ ለዓዛ አንድ ሰው በሬን አላንኳኳም፣ ክልክል ነበር። ሲከፈት ደግሞ ሰው ረስቶት ነበር። እኔም በሬን ዘጋሁት።»

ለሴቶቹ ተረጎምኩ። ባለሐዘኗ ዓይኗ አብጦ፣ ሻሿ ወድቆ፣ እኔን ሳይሆን ማዳምን አየች። አንድ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ አብረው ኖረው ይሄን አልሰማችም።

«እሷም እኮ የሚደርስላት አጥታ ነው» አለችን በአማርኛ።

ተነሳች። ሄዳ ወንበሩ ሥር ተቀመጠችና የማዳምን እጅ ያዘች፤ በተሰባበረ ዓረብኛ የዓዛውን ቃል፣ አላህ ምንዳሽን ያብዛልሽ፣ እህትሽን ይማርልሽ አለቻት። ሴቶቹ ምንም ሳይባባሉ ምንጣፉን ጎትተው ወደ እነሱ ተጠጉ። እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፦ «እህቷ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ በያት።» ጠየቅኋት። ማዳም ማስኳን አውርዳ አፍንጫዋን ጠረገችና መናገር ጀመረች።