ቆሎ የጠቀለለችው ልዕልት

የሩሲያ አብዮት በየግድግዳው፣ በየስብሰባውና በየሬዲዮኑ በሚወደስበት ዘመን እኔ የአንዲት የሩሲያ ልዕልት ፍቅር ያዘኝ። ያኔ ጎልማሳ ነበርኩ፤ ፀጉርም ነበረኝ። ልዕልቷ ግን በሕይወት ካለች አያቴን ሳታክል አትቀርም። ባለቤቴ ነገሩን ስትደርስበት አልተቆጣችም። «ተመስገን! ከኔ የምታረጅ አገኘህ» ብላኝ ሥራዋን ቀጠለች።

የተዋወቅነው በቆሎ ምክንያት ነው። ፒያሳ ሲኒማው በር ላይ የምትቀመጥ ቆሎ ሻጭ ነበረች፤ ገብሱን ከሽምብራ ደባልቃ፣ ያገኘችውን ወረቀት እንደ ጡሩምባ ጠቅልላ ትሰጣለች። እኔ ደግሞ ጽሑፍ አይቼ ማለፍ የማልችል በሽተኛ ነኝ። ቆሎዬን ስጨርስ ወረቀቱን ዘርግቼ ማንበብ ልማዴ ነበር። አንድ ጊዜ የማላውቀው ተማሪ የጂኦግራፊ ፈተና ደርሶኝ፣ ልጁ የአዋሽን ወንዝ ባሕር ውስጥ ሲያስገባው አይቼ ሳምንቱን ሙሉ ተክዣለሁ። የዚያን ቀን የደረሰኝ ግን ወፍራም፣ ብጫ ያለ፣ በእንግሊዝኛ የታተመ የመጽሐፍ ገጽ ነው።

ገጹ ላይ አንዲት ሴት መርከብ ላይ ቆማለች። አገሯን አብዮት ይዞታል፤ መርከቡ በጥቁር ባሕር በኩል ሊያሸሻት ነው። የራሷን የፀጉር ካፖርት ለብሳ፣ የእናቷን ከላዩ ደርባ፣ የእህቷን ደግሞ ከዚያ በላይ ደርባለች። ወሩ ሚያዝያ ስለሆነ ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል። አጠገቧ ባሏ፣ ልዑሉ፣ ቆሟል። ልዑሉ በድንገት ግንባሩን መታና «ውሻዬ!» አለ። ውሻው ቤት ተረስቷል። እጁን ብትይዘው አስለቅቆ «አሁን መጣሁ» ብሏት ደረጃውን ወረደ። የመርከቡ ጡሩምባ ጮኸ። ደረጃው መነሳት ጀመረ። ልዕልቷ አንገቷን አስግጋ ወደ ወደቡ ስትመለከት፣ ገጹ አለቀ።

ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ያለው ከዚያ በፊት የሆነው ነው።

እንግዲህ ጣጣዬ ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ ሰው የሚጨነቅበት ነገር አላጣም፤ ስኳሩም ዘይቱም በቀበሌ ወረፋ ነው፤ ምሽት ላይ ከቤት መውጣት ክልክል ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ልዑሉ መርከቡ ላይ ደረሰ ወይስ ቀረ የሚለው ነገር ሆነ።

በማግስቱ ቆሎ ሻጯ ጋ ሄድኩ።

«እናቴ፣ የትናንቱ ተከታይ አለሽ?»

«የምኑ?»

«የወረቀቱ። እንግሊዝኛው።»

«ምነው፣ ቆሎው አልጣመህም?»

«ወረቀቱ ነው የጣመኝ።»

ቀና ብላ ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። «ውይ ጋሼ፣ እሱማ ትናንት ሲኒማ ገባ። ያለኝን ሁሉ ጠቅልዬ ሸጥኩት።»

የልዑሉ ዕጣ በጨለማ ውስጥ የሕንድ ፊልም እያየ፣ ከሽምብራ ገለባ ጋር ተጠርጎ ወጥቷል ማለት ነው። ደግነቱ ወረቀቱን ከየት እንደምትገዛ ነገረችኝ። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጋ ሰው ነው።

ሰውየውን አገኘሁት። ፊት ለፊት የሞስኮ ቀያይ መጻሕፍት ደርድሮ፣ ከኋላቸው ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። ጎንበስ ብዬ በጆሮው «አንድ የልዕልት መጽሐፍ ፈልጌ ነበር» አልኩት።

መፋቂያውን ከአፉ አወጣና ድልድዩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ «የትራክተር ጥገና ነው የምትፈልገው?» አለ።

«የለም፣ የልዕ…»

«የትራክተር ጥገና! አለ አለ! ና ወዲህ!» ክንዴን ይዞ ወደ ጓዳው፣ ማለትም በሸራ ወደጋረዳት ጥግ፣ አስገባኝ። «አንተ ሰው፣ ልታስበላኝ ነው? በጠራራ ፀሐይ ልዕልት ትጠራለህ?» ከከሰል ጆንያ ውስጥ ሽፋን የሌለው፣ መሃሉ የተቦደሰ መጽሐፍ አወጣ። «ይቺውልህ። ወገቧ ተሰብሮ መሃሏ ወለቀ። የወለቀውን ለቆሎ ሰጠሁት። ራሷና እግሯ ግን ደህና ነው።»

«እኔ የምፈልገው እኮ መሃሏን ነበር!»

«ወንድሜ፣ ሁሉም ሰው የሚፈልገው መሃሏን ነው።»

«ለመሆኑ ልዑሉ መርከቡ ላይ ደርሷል?»

«እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። በኪሎ ነው የማውቃት።» ከዚያ እንደ አማች መከረኝ። «በል ጋዜጣ አልብሰህ ያዛት። ደግሞ ፎቶ የሌለበት ገጽ ይሁን።»

የመጨረሻዋ ምክር ቀልድ አይደለችም። ሰው ሁሉ መጽሐፉን ጋዜጣ ያለብስ ነበር። ታዲያ የትልቁ ሰው ፎቶ ሽፋኑ ላይ ካረፈ መጽሐፉ ላይ ስኒ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ብብት ሥር መሸጎጥ አይቻልም፤ ትራስ ሥር ማስገባትማ አይታሰብም። እኔና ባለቤቴ የጋዜጣ ክምር ዘርግተን ፎቶ የሌለበት ገጽ ስንፈልግ ዋልን። በስተመጨረሻ ስለ መንግሥት እርሻ የጥጥ ምርት የሚያትት ገጽ አገኘን። ልዕልቷ ጥጥ ለበሰች።

አይ መጽሐፍ! እንደዚያ ያለ ደስታ የሰጠኝ ነገር ብዙ የለም። ሴትዮዋ እስክትሰደድ ድረስ የጫማዋን ቁልፍ በገዛ እጇ ቆልፋ አታውቅም። ፓሪስ ገብታ ባርኔጣ መስፋት ጀመረች፤ የመጀመሪያዋ ደንበኛ የገዛችውን ባርኔጣ መልሳ አምጥታ «ሙቀቱን እንዲይዝ ላለብሰው ብል ለሻይ ማንቆርቆሪያዬ ጠበበው» አለቻት። የሆቴል ዘበኛ የሆነ አንድ መስፍን ነበር። የድሮ ወጥ ቤቱ ሀብታም ሆኖ ሲመጣ በር ይከፍትለታል፣ ጉርሻ ይቀበለዋል፣ ከዚያም «ሾርባህ ግን ሁልጊዜ ጨው ይበዛው ነበር» ይለዋል። ልዕልቷ ቤተ መንግሥቷን አንድም ቦታ ላይ አታለቅስለትም። የምታለቅሰው ለገንዳዋና ለሙቅ ውሃዋ ነው። በዚህ ነገር ተግባባን፤ የእኛም ሰፈር ውሃ ከመጣ ሰንብቶ ነበር። ስስቅ ጎረቤት ግድግዳ ይመታል። በዚያን ዘመን ያለ ምክንያት የሚስቅ ሰው ያስጠረጥር ነበርና ባለቤቴ ሬዲዮኑን ትከፍትልኛለች። እሱም የዘመቻ መዝሙር እየዘፈነ ይሸፍነኛል።

ስለ ልዑሉ ግን ምንም የለም! ከተቦደሰው በኋላ አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ባሌ ይል እንደነበረው» ብላ አለፈች።

ባለቤቴ ፈረደች። «ይል ነበር ካለችማ ሞቷል። ወይም ቀርቷል።»

«ምናልባት ማለቱን ትቶ ይሆናላ!»

«ወንድ? ማለቱን ትቶ?»

የመጨረሻውን ምዕራፍ ለእሁድ ከሰዓት አስቀመጥኩት። ለበዓል ቁርጥ እንደሚያቆይ ሰው ስሳሳለት ሰነበትኩ።

እሁድ ጠዋት ደግሞ የቀበሌ ውይይት ክበብ አለ። መቅረት አይቻልም። ክበቡ ያሉት መጻሕፍት ጥቂት ስለሆኑ ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። በስብሰባው መጨረሻ ሁሉም የያዘውን ጠረጴዛ ላይ ይከምራል፤ ሰብሳቢው ያደባልቅና ለሳምንቱ እንደገና ያድላል። እጃችን እንዳያቆሽሻቸውም ሁሉም ጋዜጣ እንዲለብሱ ታዟል። ከዚህ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትም። የፖለቲካ ኢኮኖሚውን ቤት ትቼ ልዕልቷን በብብቴ ይዤ ሄጃለሁ። ስብሰባውን ሙሉ ዓይኔን ገልጬ ተኝቼ፣ በገዛ እጄ ክምሩ ላይ አስቀመጥኳት። ሌላ ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ወንበሬን ወደ ፀሐይ አዞርኩ፣ ሻይ አስመጣሁ፣ ገለጥኩ። ስለ ትርፍ እሴት ያወራል።

«ጣውንቴስ?» አለች ባለቤቴ። ከጀመርኩ ጀምሮ ልዕልቷን የምትጠራት እንዲህ ነው።

«ቀበሌ ናት።»

ቁጭ አለች። ከዚያ ተነስታ ብርድ ልብስ አጠፈች፣ ሳሙና ጨመረች፣ ፎጣ ጨመረች። የታሰረ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ያን ጊዜ የማያውቅ ቤት አልነበረም። ቆሎም በከረጢት ቋጠረች።

«ቆሎ አልፈልግም» አልኳት።

«አፍህን ዝጋ።»

«ከወሰዱኝ ግን አንቺ ሄደሽ መጨረሻውን ጠይቂልኝ። ደርሷል ወይስ አልደረሰም፣ በቃ።»

በር ላይ እግር በተሰማ ቁጥር ብርድ ልብሱን እያነሳን ሳምንቱ አለፈ። ማንም አልመጣም። እሁድ ሲደርስ ሄድኩ፤ አለመሄድ ይብሳል። ሰብሳቢያችን ከአብዮቱ በፊት ሰዓት ጠጋኝ የነበረ፣ ስብሰባውን አንድ ቀን በሰዓቱ ጀምሮ የማያውቅ ሰው ነው። ተነሳ። እጁ ላይ ጥጥ የለበሰችው ልዕልቴ አለች።

«ጓዶች፣ ከበላይ አካል አዲስ የትምህርት ጽሑፍ ደርሶናል» አለ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰውየው መጽሐፉን ከክምሩ ውስጥ ሲያገኘው ከፍቶ አይቷል። እንግሊዝኛው ባይገባውም ሩሲያ የሚለው ቃል በየገጹ አለ፤ አብዮት የሚለውም አይታጣም። ማን እንዳመጣው አያውቅም። በእኛ ዓለም ማን እንደላከው ያልታወቀ ነገር ከበላይ የተላከ ነው። «ማን ነው የላከው?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ «እኔን አላሳወቁኝም» ብሎ ማመን ይሆናል።

ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። «ጓድ፣ እንግሊዝኛ ታውቃለህ። ከመጀመሪያው ጀምረህ እየተረጎምክ ታነብልናለህ።» መጽሐፉ ግን ሳምንቱን ቢሮው መሳቢያ ውስጥ እንደሚቆለፍ ጨመረ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሰርቆ ማየት የለም ማለት ነው።

ለጥንቃቄ ብዬ «ይህች ደም መጣጭ ልዕልት…» እያልኩ ጀመርኩ። በየዓረፍተ ነገሩ «ደም መጣጯ ጠዋት ተነሳች፣ ደም መጣጯ ጫማዋን መቆለፍ አቃታት» እላለሁ። ውሎ ሲያድር ክበቡ ሞላ። ስም ጥሪ ቀረ፤ የማይመጣ የለማ! ከሴቶች ማኅበር አንዲት እመቤት ነበሩ፤ ድሮ ስብሰባው ሲጀመር ተኝተው ሲያልቅ የሚነቁ። አሁን ከሁሉ ቀድመው ከፊት ይቀመጡና «እስቲ ንገረኝ፣ ደም መጣጯ ዛሬ እህል ቀምሳለች?» ይሉኛል። ኋላ ባርኔጣው የተመለሰ ዕለትማ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

መርከቡ ጋ ስንደርስ ከኪሴ የቆሎውን ገጽ አውጥቼ አነበብኩ። ጡሩምባው ጮኸ፣ ደረጃው ተነሳ፣ አለቀ።

«የቀረውስ?»

«ጠፍቷል።»

ቤቱ ተናወጠ። ክበቡ ያን ቀን ደረሰ በሚሉና ቀረ በሚሉ ለሁለት ተከፈለ፤ በማርክስ እንኳ እንዲያ ተከራክረን አናውቅም። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ደበደበ። «ጓዶች! ጥያቄው የመደብ ነው! ሚስቱን ትቶ ውሻ የሚከተል መደብ መውደቁ አይቀርም!»

እመቤቷ ተነሱ። «የኔ ባል ወዝአደር ነው ጓድ። በዚያ ሰሞን ዶሮውን ሊያስገባ ብሎ እኔን ዝናብ ላይ ጥሎኝ ገብቷል።»

ያ ነጥብ ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ።

የመጨረሻው ምዕራፍ የሚነበብበት እሁድ ሰዉ በመስኮት ሁሉ ተንጠልጥሎ ነበር። ባለቤቴም መጣች፤ ብርድ ልብሱን ይዛለች። መጽሐፉን እንደከፈትኩ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው የመጣ ካድሬ በበሩ ገባ። ባለቤቴ ብርድ ልብሱን አቀፈች።

«ይህ የምታነቡት ጽሑፍ ከየት የመጣ ነው?» አለ ካድሬው።

ሰብሳቢው ወገቡን ቀጥ አድርጎ «ከእናንተው ነዋ ጓድ! ከበላይ አካል» አለ።

ካድሬው መጽሐፉን አየ፣ ሰብሳቢውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። እሱም በላዩ ላይ ብዙ በላዮች አሉበት። «አዎ፣ እርግጥ ነው፣ ያኛው ጽሑፍ» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ቀጥሉ።»

አነበብኩ። ልዕልቷ አርጅታ፣ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጣ ትጽፋለች። መጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ትላለች። ባሌን ምን እንደዋጠው የሚጠይቀኝ አንባቢ አይጠፋም። ቀደም ብዬ እንደጻፍኩት የመርከቡ አዛዥ ውሻ ወዳድ ስለነበረ ደረጃውን መልሶ አስወረደለት፤ ባሌም ውሻውን ታቅፎ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ያላነሳሁት የሚነሳ ነገር ስላልሠራ ነው። ፓሪስ ከገባን ጀምሮ ሶፋ ላይ ተኝቷል። አሁን ነቅቶ ሻይ አምጪ እያለኝ ስለሆነ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

መጀመሪያ ጉልበቱን መትቶ «ደረሰ!» ብሎ የጮኸው ካድሬው ነው። ደረሰ ባዮች እልል አሉ፤ ቀረ ባዮች አንገታቸውን ደፉ። እመቤቷ ግን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ተነሱ።

«እንዴ! ደም መጣጩስ እሱ ነው!»

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ካድሬው ሲወጣ መጽሐፉን «ለጥናት» ብሎ ወሰደው። ከእሱ በላይ ያለው እንደወሰደበት፣ ከዚያም በላይ ያለው እንዲሁ እንዳደረገ እጠረጥራለሁ። ከአንዱ አብዮት በመርከብ ያመለጠች ሴት የሌላውን አብዮት ቢሮዎች በደረጃ ሳትወጣቸው አልቀረችም። እኔ ዘንድ የቀረው ዘይት የነካው የቆሎ ገጽ ብቻ ነው። ዛሬም አለኝ።

ቤት እንደገባን ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ወደ ሳጥኑ መለሰች። እኔም የወር ጭንቀቴ ስለወረደልኝ ጫማዬን አውልቄ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩና ሳላስበው «ሻይ የለም እንዴ?» አልኩ።

ዘወር ብላ እንደ ሰዓት ጠጋኝ አንድ ዓይኗን ጨፍና ተመለከተችኝ።

«እስክሪብቶ አቀብለኝ» አለች።

ተነስቼ ሻዩን ራሴ አፈላሁ።