ከቤት የመጣ ልብስ

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ቀለም መሸጫ ሱቃችን ይመጣሉ። ኮታቸው አርጅቷል፤ ግን ሁሌም የተተኮሰ ነው። ከኪሳቸው በመሀረብ የተጠቀለለ፣ ከጣት የማይበልጥ የጥንት ቻይና ወታደር ምስል፣ በየሳምንቱ ሌላ፣ አውጥተው ባንኮኒው ላይ ያቆማሉ። ከዚያ ለልብሱ የሚሆን ቀለም ስቀላቅልላቸው ቁም ስቅሌን ያሳዩኛል፤ ቀዩ «ይጮኻል»፣ ሰማያዊው «ያኔ አልነበረም»፣ ቡኒው «የታሪክ መጽሐፉ ላይ የለም»።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ «አባባ፣ ወታደሮች አይደሉ እንዴ? ሁሉንም አንድ ዓይነት ቀብተው አይገላገሉም?» አልኳቸው።

«ከላይ የሚደርቡትን ጥሩር ነው ንጉሡ የሚሰጣቸው፣ ልጄ» አሉ። «ከሥር የሚለብሱት ከየቤታቸው የመጣ ነው። እናት ያገኘችውን ትልካለች። እንዴት አንድ ዓይነት ይሆናል?»

ዛሬ እንደ ወትሮው ወታደሩን አቆሙና ከደረት ኪሳቸው አንዲት አረንጓዴ የሹራብ ክር አወጡ።

«የዚህን ልብስ ልክ ይሄን አስመስዪልኝ።»

ከክሩ ጋር እያስተያየሁ ቀላቀልኩ። ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ ወጣ። እሳቸው ግን «ይጮኻል» አላሉም።

«አባባ፣ ይሄ ቀለም ያኔ ነበረ?»

«አልነበረም» አሉ ክሩን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ። «ለዚህኛው እናቱ ናት የሠራችለት፤ ልጃችን ሲዘምት ለብሶት የሄደውን።»

ሲወጡ ወታደሩን በመሀረቡ አልጠቀለሉትም። በመዳፋቸው ይዘውት ሄዱ።